ሰሎሜ ዘቦዴ የሆነችበት ሐሙስ

ሰው ሁሉ የሚጎዳው አንድ ጠባይ አለው፤ የእኔ ማስረዳት ነው። ያልገባው ሰው ሳይ እጄ ጠመኔ ይፈልጋል። አንድ ቀን ቀበሌ ሱቅ ለስኳር ተሰልፌ ሳለሁ ከኋላዬ የነበሩ እናት፣ "ይህ ስኳር በክረምት ለምን ይጓጉላል?" ብለው ለራሳቸው ቢያጉረመርሙ፣ ዘወር ብዬ ከእርጥበት ጀምሬ አስረዳኋቸው። አስረድቼ ስጨርስ ስኳሩ አልቋል። ለእሳቸው ግን ደርሷቸዋል፤ "እህ፣ እህ" እያሉ ሲያዳምጡኝ ቀስ ብለው አልፈውኝ ኖሯል።

ይህን የምነግራችሁ አስቀድማችሁ እንድታዝኑልኝ ነው። አሁን የማወጋችሁ ጥፋትም የመጣው ከዚሁ ጠባዬ ነው።

በደርግ ጊዜ፣ ወደ መጨረሻው ግድም፣ ባሕር ዳር ውስጥ እኔ የማውቃቸው ኮምፒውተሮች ሁለት ነበሩ። አንደኛው እኔ ሒሳብ በማስተምርበት ትምህርት ቤት አበባ በተጠለፈበት ጨርቅ ተሸፍኖ ይኖራል፤ የክፍሉ ቁልፍ ከርእሰ መምህሩ ኪስ አይወጣም። የሚገባው ጫማ ተወልቆ ነው። ጫማዬን በዚያ ዓይነት ፍርሃት ያወለቅሁት ቤተ ክርስቲያን ስሳለም ብቻ ነበር። ሁለተኛው በአንድ ፋብሪካ ቢሮ ነበር፤ የፋብሪካው ስም ይቆየን። የእኛው ፕሪንተር አልነበረውም፤ የፋብሪካው ነበረው። እኔ ደግሞ አዲስ አበባ ተልኬ የሦስት ሳምንት የኮምፒውተር ትምህርት ወስጃለሁ። ሦስት ሳምንት ለማወቅ አይበቃም፤ አውቃለሁ ለማለት ግን ይተርፋል።

ከሰዓት በኋላ በብስክሌቴ ወደዚያ ፋብሪካ እየሄድሁ ለሠራተኞቹ መሠረተ ትምህርት አስተምር ነበር። ከተማሪዎቼ አንዷ ሰሎሜ ናት። ከቁንዝላ በጀልባ ተሻግራ የመጣች፣ በዕድሜ አሥር ዓመት ያህል የምትበልጠኝ፣ ፈተላ ክፍል የምትሠራ ሴት ናት። ፈተላ ክፍል የጥጥ ብናኝ እንደ ጉም የሚያንዣብብበት ቤት ነው። ሰሎሜ ስታነብ በየሦስቱ ቃል ትስላለች። መጀመሪያ ሰሞን ሥርዓተ ነጥብ የሳተች መስሎኝ፣ "እዚህ ላይ እኮ ነጠላ ሰረዝ የለም" ብያት አውቃለሁ። እሷ ይቅር ብላኛለች፤ እኔ ግን አሁንም ሳስበው ጆሮዬ ይግላል።

የክሊኒኩ ነርስ፣ "ከዚያ ክፍል ካልወጣሽ ይህ ሳል አይለቅሽም" ብለዋታል። መውጫው ደግሞ አንድ ብቻ ነበር። በክር መጋዘኑ የመዝጋቢ ቦታ ተከፍቷል። መስኮት አለው፤ ብናኝ የለውም። ለመወዳደር ግን የመሠረተ ትምህርት ምስክር ወረቀት ያስፈልጋል፤ ማመልከቻ የሚቀበሉትም እስከ ዓርብ ስድስት ሰዓት ብቻ ነው። ሰሎሜ ፈተናውን አልፋለች፤ የቀራት ወረቀቱ ነው። ወረቀቱን የማዘጋጀው እኔ ነኝ። እንግዲህ አስቡት።

አርማና ጌጥ ያለበት ወፍራም ቅጽ ከአዲስ አበባ ተልኮልን፣ የመሠረተ ትምህርት ኮሚቴያችን ማኅተምም አስቀድሞ ተመትቶበት ነበር። አርባ ተማሪ፣ አርባ ቅጽ። ለክፉ ቀን የሚሆን አንድ ትርፍ እንኳ የለም። የትምህርት ቤታችን ታይፒስት እትዬ ብርቄ ረቡዕ ጠዋት ቅጹን ታቅፌ አዩኝና፣

"አምጣው እስቲ መምህር፤ ዛሬውኑ ልምታልህ" አሉኝ።

"እትዬ ብርቄ፣ በጽሕፈት መኪና ሲሆን በየወረቀቱ መሳሳት አለ። በኮምፒውተር ግን አንድ ጊዜ በትክክል ከተጻፈ አርባውም ትክክል ይሆናል።"

"አንድ ጊዜ ከተሳሳተስ?"

ይህን ጥያቄ የኋላ ቀርነት ምልክት አድርጌ አለፍሁት።

ረቡዕ ሙሉ ቀን በባዶ እግሬ ተቀምጬ ጻፍሁ። ሥርዓት እወዳለሁ፤ ጠመኔዎቼን እንኳ የምደረድራቸው በቁመታቸው ነው። በእያንዳንዱ ገጽ ላይ የተማሪው ስም፣ ከስሙ በታች አምስቱ የትምህርት ዓይነቶች ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ፣ ሠ እየተባሉ በመስመር፣ ከግርጌ ደግሞ የኮሚቴው ሊቀ መንበር፣ ጓድ ሙላ። ሁሉንም በአንድ ዲስኬት ላይ አስቀመጥሁ። ሐሙስ ከምሳ በኋላ ከጣና በኩል ዝናብ ሲያስገመግም ዲስኬቱን በላስቲክ ጠቅልዬ ሸሚዜ ውስጥ ከተትሁት፤ ደረቴን በአንድ እጄ አቅፌ፣ ብስክሌቱን በሌላው እየነዳሁ ፋብሪካው በር ደረስሁ። መንገደኛው ሁሉ ልቡን ያመመው ሰው መስዬው መንገድ ይለቅልኝ ነበር።

በሩ ላይ የኔታ አሉ። የኔታ በአንድ የጣና ደሴት ላይ ዓመታት ቅኔ ያስተማሩ ሊቅ ናቸው፤ ዘመኑ ሲከፋባቸው የፋብሪካ ጥበቃ ሆነው ተቀጠሩ። ዱላቸውን የሚይዙት ግን እንደ መቋሚያ ነው። ሲፈትሹኝ ዲስኬቱን አገኙት።

"ምንድን ነው ይኼ?"

"ጽሑፍ ነው፣ የኔታ። አርባ ገጽ አለበት።"

ወደ ብርሃኑ አንሥተው አገላበጡት። "ባዶ ነው።"

"ባዶስ አይደለም፤ በዓይን ስለማይታይ ነው።"

"በዓይን የማይታይ ጽሑፍ" አሉ፣ ዲስኬቱን በሁለት ጣታቸው እየመለሱልኝ፣ "እኛ አገር ይህን የሚጽፍ አስማተኛ ነው፤ ሰላም አይሉትም። በል ግባ።"

ቢሮው ውስጥ ወሬውን የሰሙ ሠራተኞች ተሰብስበው ነበር። ኮምፒውተሩን ዲስኬቱን አጎረስሁት። የቢሮዋ ጸሐፊ ቅጹን አንድ በአንድ እንድታቀብለው አሳየኋትና ፕሪንተሩ መንጫጫት ጀመረ። ጤነኛ ሰው ቢሆን የመጀመሪያው ወረቀት ሲወጣ ዓይኑን ጣል ያደርግበት ነበር። ግን በዚያችው ቅጽበት አንዱ ሠራተኛ፣ "ቆይ መምህር፣ ይህን ሁሉ ፊደል በዚያች ስስ ነገር ላይ እንዴት አድርጎ ተሸከመው?" ብሎ ጠየቀ።

ጠየቀ! ጀርባዬን ለፕሪንተሩ ሰጥቼ፣ ጠመኔ ስላልነበረኝ በጣቴ አየር ላይ እየሣልሁ ማስረዳት ጀመርሁ። ጥሩ አስረድቻለሁ፤ ይህን ማንም አይክደኝም። ስጨርስ አርባውም ቅጽ ታትሞ አልቆ ነበር። ጸሐፊዋ ኋላ ለምን ዝም እንዳለች ስትጠየቅ፣ "የኮምፒውተር አማርኛ መስሎኝ" ብላለች።

ሰሎሜ ከፈተላ ክፍል ወጥታ፣ ጥጥ በፀጉሯ ላይ እንደተበተነ መጣች። ከስሟ በፊት ስንት ሰው እንዳለ ታውቃለች፤ ቆጥራ የራሷን አወጣች። ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ጀመር። ቆመ። እንደገና ተንቀሳቀሰ። ቀና ስትል ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

"ጠፋብኝ መምህር።"

"ምኑ?"

"ንባቡ። ትናንት ነበረኝ፤ ዛሬ ጠፋብኝ።"

ወረቀቱን ተቀብዬ አየሁት። ፊደሉ ጥርት ያለ፣ ያማረ የአማርኛ ፊደል ነው። እኔም እንደ ተማሪ በጣቴ እየተከተልሁ አነበብሁ፦ "ዘ... ቦ... ዴ።"

"እኔም እንዲያው ነው ያልሁት!" አለች ደንግጣ። "ዘቦዴ ማነው? የእኔስ ስም የት ሄደ?"

በዚህ መካከል ጓድ ሙላ ገቡ። ሕዝቡ መንገድ ከፈተላቸው። አንዱን ምስክር ወረቀት አንሥተው እንደ ማንኛውም ሊቀ መንበር በቀጥታ ወደ ግርጌው፣ ወደ ራሳቸው ስም ሄዱ። ስማቸው መሆን በሚገባው ቦታ ላይ "ጓጽ ዱባ" ይላል።

ጓድ ሙላ ክብ ፊትና ሰፊ ሆድ ያላቸው ሰው ነበሩ፤ ኮምፒውተሩ ይህን በምን እንዳወቀ እኔም ገርሞኛል።

"ማነው ይህን የጻፈ?"

"እኔ ነኝ፣ ማለቴ ኮምፒውተሩ ነው፣ ጓድ።"

"ኮምፒውተሩ ያውቀኛል?"

"አያውቅዎትም።"

"ታዲያ ዱባ ማለትን ማን ነገረው?"

በዚያ ዘመን እንዲህ ላለ ጥያቄ መልሱ ካላማረ ሰውን ሩቅ ይወስደው ነበር። አፌ ግን ማስረዳት ጀምሯል። ደግነቱ ጓድ ሙላ ክፉ ሰው አልነበሩም። እጃቸውን አንሥተው አስቆሙኝ።

"አታስረዳኝ። አቃናው። ሌላ ቅጽ ላኩልን ብንል ሁለት ወር ይፈጃል። የመጋዘኑ ምዝገባ ነገ ስድስት ሰዓት ይዘጋል። ከአንተ ክፍል ያመለከተች ማን ናት?"

ሰሎሜ ሳለች። ሌላ መልስ አላስፈለገም።

የተበላሸውን ቁልል ታቅፌ ስወጣ የኔታ በር ላይ አስቆሙኝ። ሲወጣም ፍተሻ አለ። ከላይ ያለውን ወረቀት ወስደው፣ ዓይናቸው ደካማ ስለሆነ ከማንበብ ይልቅ በጣታቸው ጠርዙን ተከትለው ወረዱ፤ እኔ ሀ፣ ለ፣ ሐ ብዬ የደረደርሁበትን ጠርዝ።

"አ... በ... ገ... ደ... ሀ..." አሉና ዱላቸውን ጥለው ሳቁ። "ይህማ አበገደ ነው! ማን አስተማረው?"

"ማንን የኔታ?"

"መኪናህን ነዋ! የቆሎ ተማሪ ነው እንዴ?"

የቤተ ክህነት ልጅ ፊደልን ሁለት ጊዜ እንደሚቆጥር የገባኝ ያን ጊዜ ነው። መጀመሪያ እንደ ሁላችንም ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ይላል፤ ኋላ ደግሞ በሌላ ተራ አ፣ በ፣ ገ፣ ደ ብሎ ይደግመዋል። እኔ የዘመናዊ ትምህርት ቤት ልጅ ስለሆንሁ ሁለተኛው ተራ ባጠገቤም አላለፈ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የተባለው ለእኔ ነበር።

አሁን ላስረዳችሁ፤ ስኳር የለም፣ ቀድማችሁኝ የምታልፉበት ሰልፍ የለም። ዲስኬት ላይ ፊደል የለም። ኮምፒውተር ፊደል አያውቅም፤ የሚያውቀው የወንበር ቁጥር ነው። ለኮምፒውተር አማርኛ የሚያበጅ ሰው ፊደሎቹን እንደ ተማሪ በረድፍ ያስቀምጣቸዋል፤ ፊደል በተጻፈ ቁጥር መኪናው የያዘውን ወንበር ቁጥር ብቻ ይመዘግባል። የእኛን ያበጀው ሰው የሀን ቤተሰብ በአንደኛው ረድፍ፣ የለን በሁለተኛው፣ የሐን በሦስተኛው፣ የመን በአራተኛው አስቀመጠ። የፋብሪካውን ያበጀው ሌላ ሰው ነው፤ የቤተ ክህነት ልጅ ሳይሆን አይቀርም፣ አንደኛውን ረድፍ ለአ፣ ሁለተኛውን ለበ፣ ሦስተኛውን ለገ፣ አራተኛውን ለደ ሰጠ። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ አልተነጋገሩም እንጂ። እኔ "ሙላ" ብዬ ስጽፍ ዲስኬቱ የያዘው "ከአራተኛው ረድፍ ሁለተኛው ይነሣ፣ ከሁለተኛው ረድፍ አራተኛው ይነሣ" የሚል ነው። እኛ ትምህርት ቤት ሙ እና ላ ተነሡ፤ ፋብሪካው ውስጥ ዱ እና ባ ተነሡ። ኮምፒውተሩ ጓድ ሙላን አልሰደበም። ቁጥር ጠራ፤ በወንበሩ የነበረው ተነሣ።

ዓርብ ጠዋት በሁለት ሰዓት ፋብሪካው ቢሮ ገብቼ የማቃኛ ፕሮግራም መጻፍ ጀመርሁ። ሐሳቤ ቀላል ነበር፦ በአንደኛው ረድፍ ያለውን ሁሉ ሀ ወዳለበት ወደ አምስተኛው ውሰድ፤ በሁለተኛው ያለውን ለ ወዳለበት ወደ አሥራ ሦስተኛው ውሰድ፤ እንዲህ እያልህ ጨርስ። በአራት ሰዓት ተኩል አለቀ። በተራ ወረቀት አሳተምሁ፤ ይኸኛውን እንኳ ፊት ለፊቱ ቆሜ ነው የጠበቅሁት።

ሰሎሜ "ጸኦኬ" ሆናለች። ጓድ ሙላ "ኩኣ" ሆነዋል፤ ክረምት ሲገባ ከጣና ደንገል ውስጥ የሚሰማው የእንቁራሪት ድምፅ።

ተማሪን ከወንበር ወደ ወንበር ያዛወረ መምህር ጥፋቴን ወዲያው ያገኘዋል። ሀን አንሥቼ አምስተኛው ረድፍ ላይ አስቀመጥሁት፤ የዚያ ረድፍ ባለቤት ግን ገና አልተነሣም ነበር። ኋላ "አምስተኛ ረድፍ ያላችሁ ወደ አሥራ ስድስተኛ" ስል ነባሩም እንግዳውም አብረው ተነሥተው ሄዱ። ከዚያም ሌላ ቦታ፣ ከዚያም ሌላ ቦታ። የሰነፍ ክፍል ኃላፊ እንዳዛወረው ክፍል ሦስት አራት ሰው በአንድ ወንበር ተደራርቦ ቀረ። መጀመሪያ ሁሉንም ወደ ግቢ ማስወጣት፣ ከዚያ አንድ በአንድ በስም እየጠሩ ማስገባት ነው ደንቡ። በየመስከረሙ የማደርገውን ነገር ለመኪና ለመንገር አንድ ሰዓት ፈጀብኝ። አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ወረቀቱ "ሰሎሜ" ብሎ ወጣ። የአርባውንም አሳትሜ፣ ከተበላሸው ቁልል ጋር ታቅፌ ሮጥሁ።

ከመዝገቡ ፊት ጓድ ሙላና የአስተዳደር ኃላፊው ተቀምጠዋል። ኃላፊው ቀጭን፣ ጥንቁቅ ሰው ናቸው፤ ወረቀቴን ግልብጥ አድርገው አዩት።

"ትክክል ነው" አሉ።

"ተመስገን!"

"ግን አርማ የለውም። ማኅተም የለውም። ይህን ማንም ይጽፈዋል።"

"አርማና ማኅተም ያለበትማ ይኸው" ብዬ ቅጹን አቀረብሁ።

"ይህ ደግሞ የዘቦዴ ነው። ዘቦዴ የምትባል ሠራተኛ የለችንም።"

ስለ ወንበርና ስለ ረድፍ ጀመርሁ። የግድግዳው ሰዓት ይሰማል፤ ኃላፊው መዝገቡን ወደ ራሳቸው ሳብ ሲያደርጉ ገና ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነበርሁ። ከበሩ በኩል ሳል ተሰማ።

"አንድ ጊዜ ጌቶቼ" አለች ሰሎሜ። "ወረቀቱ አርማም አለው፣ ማኅተምም አለው። የጎደለው የሚያነበው ነው። ላንብበው?"

"እኛ ያላነበብነውን?" አሉ ኃላፊው።

"አዎ።"

ቅጹን ከእጄ ወሰደች። ጣቷን "ዘቦዴ" ላይ አሳረፈችና፣ "ሰሎሜ" ብላ ጀመረች። ከዚያ ወረደች። በዝግታ፣ በየፊደሉ ላይ ትንሽ እያሰበች፣ በየሦስቱ ቃል እየሳለች፣ ንባብ፣ ጽሕፈት፣ ሒሳብ እያለች መስመሩን ሁሉ አቃንታ አነበበች። እኔ በሌላ እጄ የያዝሁትን የተቃና ወረቀት እየተከተልሁ ነበር። አንድ ቃል አልሳተችም።

"በቃሏ አጥንታው ይሆናል" አሉ ኃላፊው። ከቁልሉ መካከል የሌላ ሰው ቅጽ መዝዘው ሰጧት። "ይኸንንስ?"

ይኸኛው ቆየባት። ከንፈሯ ሁለት ሦስት ጊዜ ተመለሰ። ግንባሯ በላብ ወረዛ፤ የእኔ ደግሞ ጀርባዬ። በመጨረሻ የሰውየውን ስም ከነአባቱ ጠራች። ከተቃናው ቁልል የሰውየውን ወረቀት አውጥቼ ለኃላፊው ዘረጋሁላቸው፤ አንድ ነው።

"ከየት ተማርሽው?" አልኋት፣ ያለሁበትን ረስቼ።

"ከየኔታ። ትናንት ከሥራ ስወጣ፣ ዛሬም ሳልገባ በሩ ላይ ሁለቱን ተራ ጎን ለጎን በከሰል ጽፈው አስቆጠሩኝ። አንተ መኪናውን ስታስተምር እኔ ተማርሁ።"

ወደ ግርጌው መውረድ ስትጀምር ጓድ ሙላ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "እሷን እንኳ ዝለያት።"

"ምነው ጓድ፣ የእርስዎን ስም ዘልዬ?" አለች። "ጓድ ሙላ ነው የሚል።"

ኃላፊው ሳቃቸውን ለመደበቅ መዝገቡ ላይ አጎነበሱ። ጓድ ሙላ ግን ቅጹን ተቀብለው ለረጅም ጊዜ አዩት፤ ከዚያ ወደ ኃላፊው ዞሩ።

"አንተ ይህን ማንበብ ትችላለህ?"

"አልችልም፣ ጓድ።"

"እኔም አልችልም። መምህሩም ያለ መኪና አልቻለም። ታዲያ ይህች ሴት ማንበብ ካላወቀች፣ እኛ ሦስታችን ማን ይፈትነን? መዝግባት።"

ብዕሩ መዝገቡን ሲነካ ስድስት ሰዓት ሊሆን አምስት ደቂቃ ቀርቶት ነበር።

ሰሎሜ በሚቀጥለው ሳምንት ውድድሩን አልፋ ክር መጋዘን ገባች። ከሁለት ወር በኋላ አዲስ ቅጽ መጣ፤ አርባውም ምስክር ወረቀት ተጻፈ፣ በማን እጅና በምን እንደተጻፈ ግን አልነግራችሁም። የእሷን ይዤ ራሴ ወሰድሁላት። መጋዘኑ መስኮት አለው፤ መስኮቱ ክፍት ነበር። እስክገባና እስክቀመጥ አንድ ጊዜ እንኳ አልሳለችም፤ ቆጥሬያለሁ። ከጠረጴዛዋ በላይ ግድግዳው ላይ ያ የተበላሸው ቅጽ፣ ዘቦዴና ዱባ ያሉበት፣ በአራት ሚስማር ተመትቶ ተሰቅሏል።

"ይኸው ትክክለኛው መጣልሽ" አልኋት። "ያኛውን አውርጂና ይህን ስቀዪው። ምክንያቱን ላስረዳሽ፦ ሰነድ ማለት..."

አዲሱን ተቀበለችኝ፣ ከላይ እስከ ታች በዓይኗ ብቻ አነበበችው፣ መሳቢያዋን ከፍታ አስገባችውና ዘጋችው።

"ተወው መምህር" አለች። "ይኸንንማ ማንም ያነበዋል።"